«በጣም ደስተኛ» ተብላ ስለተመዘገበችው ልጅ

ይድረስ ለክቡር የፎስተር ወጣቶች ደህንነት ጥናት ዋና ኃላፊ
ባሉበት

ክቡር ዶክተር ሆይ፤

እንደምን ሰነበቱ? ጤናዎ እንዴት ነው? ባለቤትዎና ልጆችዎ ደህና ናቸው? ከእርስዎ ጋር የሚደክሙት ተመራማሪዎችስ? ይህ የዘንድሮ ብርድ ጠናብዎት ይሆን? በእኛ ወግ የሰው ደህንነት አንድ ጊዜ ተጠይቆ አይታለፍምና ደግሜ እጠይቅዎታለሁ፤ እርስዎ ራስዎ እንደምን ነዎት? እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ። ይህችን «አልሐምዱሊላህ» ግን እባክዎ ለጊዜው የትም አይመዝግቧት፤ ኋላ እንመለስባታለን።

ስሜ ከድሪያ ይባላል። የምኖረው በስደት አገር፣ ሜፕልዉድ በምትባል ከተማ ነው፤ ሥራዬም በአረጋውያን መጦሪያ ቤት አዛውንቶችን ማጠብ፣ ማልበስና ማጉረስ ነው። ይህን ደብዳቤ እንድጽፍልዎ ያበቃኝ በቅርቡ ከመሥሪያ ቤትዎ የደረሰኝ እጅግ ትሁት የሆነ ደብዳቤ ነው። በቤቴ በፎስተር፣ ማለትም በመንግሥት አደራ ያደገችው ሱንዱስ ለሦስተኛውና ለመጨረሻው ቃለ መጠይቅ ልትገኝ ስላልቻለች «ከክትትል የጠፋች» በሚል መደብ ውስጥ መግባቷን ገልጾልኛል፤ ያለችበትን የማውቅ ከሆነ ብተባበር ጥናቱ ከልብ እንደሚያመሰግነኝም ጨምሮ ነግሮኛል።

ደብዳቤውን ሳነብ እንባዬ መጣ። ልጅቷ ከቤቴ ከወጣች ወራት አልፈዋል። በዚህ ሁሉ ጊዜ የት ወደቀች ብሎ የጠየቀኝ ትምህርት ቤት የለም፤ ጉዳይዋን የያዘችው የመንግሥት ሠራተኛ፣ ሶሻል ወርከሯም፣ ልጅቷ አሥራ ስምንት ዓመት ስትሞላ ፋይሏ ስለተዘጋ ጠይቃኝ አታውቅም። መጥፋቷን አስተውላችሁ የፈለጋችኋት እናንተ ብቻ ናችሁ። በሠንጠረዣቸው ላይ አንድ ባዶ ሳጥን ባይቀርባቸው ኖሮ እነሱም አይፈልጓትም ነበር እያለ ሰይጣን ሹክ ይለኛል፤ እኔ ግን አዑዙ ቢላህ ብዬ አባርረዋለሁ።

ጎረቤቴ ቡርሃን፣ የኤርፖርት ታክሲ የሚነዳው፣ ይህን ደብዳቤ እንዳልጽፍ አጥብቆ መክሮኛል። «ከድሪያ፣ ዝም አይነቅዝም። ነገ የአሳዳጊነት ላይሰንስሽን ሪቪው ቢያደርጉብሽስ? ምን አገባሽ?» አለኝ። እውነቱን ነው፤ ዝም አይነቅዝም። እኔ ግን ነቀዝኩ። ደግሞ በአማርኛ መጻፌ እንዳያስቀይምዎት፤ ለአስተርጓሚ በቂ በጀት እንዳላችሁ በዓይኔ ስላየሁ ነው።

ደብዳቤው ማንም የሚያነበው ግልጽ ደብዳቤ ስለሆነ፣ ነገሩን ለማያውቅ ሌላ አንባቢ ስል ከሥሩ ልጀምር። ሱንዱስና ታናሽ ወንድሟ ሀዚም ከእናታቸው ጋር በምኖርበት ሕንፃ ውስጥ የፊት ለፊት ጎረቤቶቼ ነበሩ። አባት አልነበራቸውም። እናታቸው ታማ ሆስፒታል ስትገባ ልጆቹ እኔ ዘንድ ማደር ጀመሩ። ሀዚም ያኔ ገና ትንሽ ነበር፤ አንድ ዐመልም ነበረው፤ የሰው ጆሮ ካልያዘ እንቅልፍ አይወስደውም። የእናቱን ጆሮ ለምዶ፣ እሷ ስትታመም የእህቱን ያዘ። ሱንዱስ «ሊነቅለው እኮ ነው፣ እትዬ ከድሪያ!» እያለች ትነጫነጫለች፤ ተነጫንጫ ስትጨርስ ግን ዞር ብላ ጆሮዋን ትሰጠዋለች። እናታቸው ነገሩ እንዳበቃላት ስታውቅ እጄን ይዛ «ከድሪያ፣ አደራ፤ ልጆቼ እንዳይለያዩብኝ» አለችኝ። እኔም ኢንሻአላህ አልኩ።

እናትየው ከሞተች በኋላ ሁለቱንም ልጆች ልወስድ አመለከትኩ፤ ፈቃዱም ተሰጠኝ፤ ለአንዷ ብቻ። ምክንያቱም ቤቴ ሁለት መኝታ ቤት ነው፤ በዚያ ዕድሜ ያሉ ወንድና ሴት ልጆች ደግሞ በአንድ መኝታ ቤት ሊያድሩ አይፈቀድም። እኔ ሳሎን እተኛለሁ፣ የእኔን ክፍል ለሀዚም ልስጥ አልኩ። ሳሎን በር ስለሌለው መኝታ ቤት አይባልም፣ ለአሳዳጊም ቢሆን አይፈቀድም ተባልኩ። ትልቅ ቤት መከራየት ከአቅሜ በላይ ነበር። ስለዚህ ሱንዱስ እኔ ዘንድ ቀረች፣ ሀዚም ኩን ራፒድስ በምትባል ሌላ ከተማ የሚኖሩ ጥሩ ናቸው የተባሉ ባልና ሚስት ዘንድ ሄደ። «ለጊዜው ነው» ተባልን። ቅዳሜ ቅዳሜ ቡርሃን እየነዳልን እንጠይቀው ነበር።

ይህ ሁሉ የእርስዎ ጥፋት እንዳልሆነ አሳምሬ አውቃለሁ። እርስዎ የመጡት የሆነውን ሊያጠኑ ነው። እንግዲህ አቤቱታዬን፣ እናንተ በምትወዱት ሥርዓት፣ በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

አንደኛ፦ ስለ መጀመሪያው ጉብኝት ከልብ አመሰግናለሁ። የላካችሁልን ጠያቂ ደግ ወጣት ነበረች፤ በር ላይ ጫማዋን ስታወልቅ ገና ልቤን ወሰደችው። እኔ ተራዬን ከሥራ ባልደረባ ጋር ተቀያይሬ ቤቱን ሳጸዳ ውዬ ነበር፤ ሳምቡሳ ጠብሻለሁ፣ ሱንዱስም የዒድ ቀሚሷን ለብሳለች። ጠያቂዋ ከተሳታፊ ምንም መቀበል ደንቡ እንደማይፈቅድላት ነግራን ሳምቡሳውን በዓይኗ ብቻ ቀመሰችው። ልጅቷ እንግሊዝኛ ታውቃለች፤ ነገር ግን ደንቡ «በቤት ውስጥ በሚነገረው ቋንቋ» ስለሚል አስተርጓሚ በስልክ ቀረበ። እኔም ለምስጢር ጥበቃ ሲባል ወደ መኝታ ቤት ተሸኘሁ። ከዚያ በኋላ የሆነውን ሱንዱስ ራሷ እየሳቀች ነግራኛለች።

«በአጠቃላይ በሕይወትሽ ምን ያህል ደስተኛ ነሽ?» ተብላ ተጠየቀች። «አልሐምዱሊላህ» አለች። ክቡር ዶክተር፣ በእኛ ዘንድ ሰው ቤቱ ቢቃጠልበትም መጀመሪያ የሚለው ይህንኑ ነው፤ መቃጠሉን የሚናገረው ቀጥሎ፣ ሁለተኛ ሲጠየቅ ነው። ሱንዱስ እናቷ በተቀበረች ማግሥት ለለቅሶ ደራሹ ሁሉ ስትል የዋለችው አልሐምዱሊላህ ነበር። የስልኩ ሰውዬ፣ አላህ ይስጠው፣ «በጣም ደህና ነኝ ትላለች» ብሎ ተረጎመ። ጠያቂዋ በያዘችው ታብሌት ላይ ከሚያለቅስ ፊት እስከሚስቅ ፊት ተደርድረው ነበርና ጣቷን የሚስቀው ላይ አድርጋ «ይሄኛው?» አለቻት። እንግዳን ማሳፈር ነውር ነው ተብላ ያደገች ልጅ ምን ትበል? ራሷን ነቀነቀች። የሚስቀው ፊት ተነካ፤ «በጣም ደስተኛ» ተብሎ ተመዘገበ። ሁለተኛ የጠየቃት አልነበረም።

ለነገሩ እኔም «የአሳዳጊ መጠይቅ» የሚባለውን ስሞላ እንደዚያው ነው ያደረግሁት። ቤት የመጣን እንግዳ ገና ሳይቀመጥ በችግር መቀበል አይገባም ብዬ።

ሁለተኛ፦ ስለ ስጦታው አመሰግናለሁ። የጥናቱ ዓርማ ያለበት ቦርሳና አንዲት ለስላሳ ኳስ ለሱንዱስ ተሰጥታታለች። ኳሷ ሰው ሲጨነቅ በእጁ የሚጨምቃት ናት ተብሎ ተነግሮናል። ሱንዱስ ለወንድሟ አንድ እንዲጨመርላት ለምና ነበር፤ ለአንድ ተሳታፊ አንድ ኳስ ብቻ እንደሚሰጥ በትህትና ተገለጸላት። ኳሷ አሁንም እዚህ አለች። ጠዋት ከሥራ በፊት አንዳንዴ እጨምቃታለሁ። ለኳስነቷ ምንም አይወጣላትም።

ሦስተኛ፦ በሁለተኛው ዓመት ነገሩ ተበላሸ። የኩን ራፒድሶቹ ሰዎች ሀዚም እህቱን ባየ ቁጥር እንደሚረበሽና ለቀናት እንደማይበላ አሳወቁ፤ መፍትሔውም እህቱን ባያያት ነው ተባለ። ልጅ ከናፍቆቱ የሚድነው የሚናፍቀውን ሲነፍጉት መሆኑን ያን ጊዜ ተማርኩ። ቅዳሜዎቹ ቀሩ። ደግሞ በማደጎ ለዘለቄታው ሊወስዱት ነው የሚል ወሬ ተሰማ። የእናንተ ጠያቂ እንደገና ልትመጣ መሆኗን የሰማሁት ይሄኔ ነው፤ አላህ በር ከፈተልን አልኩ።

እዚህ ላይ የእኛን ሰው ሞኝነት ይረዱልኝ። ከመሥሪያ ቤት የመጣ፣ ባጅ ያንጠለጠለ፣ ቁጭ ብሎ «ምን አስጨነቀሽ? ምን ቢሟላልሽ ትወጃለሽ?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው እኛ ዘንድ አቤቱታ ሰሚ ነው። የሚጠይቅ ሰው ሊያደርግ ነው የሚጠይቀው ብለን እናምናለን። ለማወቅ ብቻ፣ ለማወቅ ሲባል የሰው ቁስል የሚጠየቅበት መሥሪያ ቤት መኖሩ በሐሳባችን አልነበረም። ሱንዱስ «እትዬ ከድሪያ፣ ዘይ ዶንት ኬር» ብላኝ ነበር፤ ግድ የላቸውም ማለቷ ነው። ተቆጣኋት። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም፤ ዘንድሮ አልሐምዱሊላህ ብለሽ እንዳታቆሚ፤ ሁሉንም ንገሪያት» አልኳት።

ነገረቻት። ለፈተና እንደሚዘጋጅ ተማሪ ተዘጋጅታ፣ አንድም ሳታስቀር ነገረቻት። ስለ ጆሮው ነገረቻት። ሀዚም አማርኛ እየጠፋበት መሆኑን፣ በየትኛውም ቤት በየትኛውም ጥግ እሱ ካለ መተኛት እንደምትችል፣ አሥራ ስምንት ሲሞላት ሥራ ይዛ ራሷ እንደምታሳድገው፣ እስከዚያ ግን ለማንም እንዳይሰጡባት ነገረቻት። ጠያቂዋ አለቀሰች። ከዚያ ዓይኗን ጠርጋ «ታንክ ዩ ፎር ሼሪንግ»፣ ስላካፈልሽኝ አመሰግናለሁ፣ አለቻት፤ የችግር ጊዜ ስልክ ቁጥሮች ያሉበት ወረቀትም ሰጥታት ሄደች። ሱንዱስ ወደ እኔ ስትመጣ ፊቷ በርቶ ነበር። «ጻፈችው እትዬ ከድሪያ! ኤቭሪቲንግ ጻፈችው! እያለቀሰች ነው የጻፈችው!» አለችኝ። ከዚያ ወዲያ እንዲያ ስትደሰት አላየኋትም። ታብሌታችሁን ይዛችሁ መምጣት የነበረባችሁ ያን ዕለት ማታ ነበር።

ከዚያማ መጠበቅ ሆነ። ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ ማለት እኛ ነን። ፖስታ ሲመጣ ሱንዱስ ቀድማ ትወርዳለች። የማታውቀው ቁጥር ሲደውል ክፍል ውስጥ ሆና እንኳ ታነሳለች፤ ለዚህም ተቀጥታለች።

አራተኛ፦ ዝምታው ሲበዛ ወደ መሥሪያ ቤታችሁ ደወልኩ። የልጅቷ አቤቱታ ከምን ደረሰ ብዬ ጠየቅሁ። ማር የመሰለ ድምፅ ያላት ሠራተኛ ታግሳ አስረዳችኝ። ሱንዱስ የተናገረችው ቃል በሙሉ በጥንቃቄ ተቀምጧል፤ ስሟ ግን ለእሷው ጥበቃ ሲባል ወጥቶ በቁጥር ተተክቷል፤ ስለዚህ የማን ቃል እንደሆነ ማንም ሊያውቅ አይችልም። ለሶሻል ወርከሯ ወይም ለዳኛው እንዲነገርላት ለመንኩ። ልጅቷ ራሷን ወይም ሌላ ሰው ለመጉዳት ካላሰበች በስተቀር ለማንም ማሳወቅ ክልክል ነው ተባልኩ። ወንድምን መናፈቅ ከዝርዝሩ ውስጥ የለም። በእኛ አገር አቤቱታ ሲጻፍ የሚጀምረው «እኔ አመልካች እገሌ» ተብሎ ነው። እናንተ ዘንድ የመጀመሪያው ሥራ አመልካቿን ማውጣት ሆነ፤ ኀዘኗን አስቀርታችሁ ስሟን ጣላችሁላት። ለእሷ ደህንነት ሲባል።

ሶሻል ወርከሯ ዘንድ እኔ ራሴ ሄጄ ነበር። እሷም የአሳዳጊ ስሜት እንደሚገባት፣ ነገር ግን የልጅቷ ደህንነት በባለሙያ እየተጠና መሆኑን ፋይሉ ላይ እንዳየች ነገረችኝ።

አምስተኛ፦ በዚህ መካከል ሀዚም በማደጎ ተሰጠ፤ አዲሶቹ ወላጆቹም ይዘውት ወደ ሌላ ስቴት ሄዱ። አድራሻቸው ምስጢር ነው። ይህ ከእናንተ ሥራ ጋር የሚገናኝ አይደለም፤ በተራ ቁጥር ያስገባሁት ሌላ የማስገባበት ቦታ ስለሌለኝ ብቻ ነው።

ስድስተኛ፦ ሱንዱስ ዜናውን ስትሰማ አላለቀሰችም። ከዚያን ቀን ጀምሮ አማርኛዋን ተወች። ምን ልሥራልሽ ስላት «አም ፋይን»፣ ደህና ነኝ፤ ብርድ አይደለም ወይ ስላት «አም ፋይን»። እኔ ደጋግሜ እጠይቃለሁ፤ በወጉ መሠረት ሁለተኛም ሦስተኛም እጠይቃለሁ፤ ልጅቷ ግን አንድ ጊዜ ከአንጀቷ መልሳ ምን እንዳተረፈች አይታለች። ማንስ ይፈርድባታል? «ንገሪያት» ብዬ የገፋኋት እኔ ነኝ። አሥራ ስምንት ዓመት በሞላት ሰሞን ሻንጣዋን ይዛ ከአንዲት ጓደኛዋ ጋር ወጣች። ቦርሳችሁንና ኳሳችሁን አልጋው ላይ ትታለች።

ሰባተኛ፦ አሁን ወደ ሮዝቪሉ አዳራሽ ልምጣ። የጥናቱን የመጀመሪያ ሁለት ዓመታት ውጤት ለተሳታፊ ቤተሰቦች የምትገልጹበት ዝግጅት ላይ ስለጠራችሁኝ አመሰግናለሁ። አይቡና ወይኑ፣ የሚበላውን ወይን ማለቴ ነው፣ ግሩም ነበር። ስለተለያዩ ወንድምና እህቶች ያሳያችሁት መስመርም ማረከኝ። መስመሩ በመጀመሪያው ዓመት ከፍ ብሎ ይጀምርና በሁለተኛው ዓመት ቁልቁል ይወድቃል። እርስዎ ራስዎ መድረክ ላይ ቆመው ይህ «የዘገየ ኀዘን» ሊሆን እንደሚችልና ምክንያቱን ለማወቅ ተጨማሪ ጥናት እንደሚያስፈልግ አስረዱ። እኔ ኋላ ወንበር ላይ ተቀምጬ የሚስቀውን ፊት አስታወስኩና ዝም አልኩ። ለተጨማሪ ጥናት እንቅፋት መሆን አልፈለግሁም።

ቀጥሎ በትልቁ ሸራ ላይ ሁለት አባባሎች አሳያችሁ። ስም የላቸውም። የላይኛው «ሴት፣ ከምሥራቅ አፍሪካ» ይላል፤ ከሥሩም «ጆሮዬን ካልያዘ አይተኛም ነበር። አሁን የማንን ጆሮ እንደሚይዝ አላውቅም» የሚል ቃል አለ። የታችኛው «ወንድ፣ ከምሥራቅ አፍሪካ፣ የላይኛዋ ተሳታፊ ወንድም» ይላል። የሱ ቃል አጭር ነው። «አሁን የራሴን ጆሮ እይዛለሁ።»

አዳራሹ በሙሉ «ኦው» አለ። እኔ የምይዘው አጣሁ። ሀዚምም የእናንተ ተሳታፊ እንደነበረ ያወቅሁት ያኔ ነው፤ ለካ እሱም ኳስ ደርሶታል። እርስዎም የልጁ መልስ «ራስን የማረጋጋት ብርቱ ችሎታ» ማሳያ መሆኑን ገለጹ፤ ሰውም አጨበጨበ። ክቡር ዶክተር፣ እኔ ከማጥባቸው አዛውንቶች መካከልም እንዲህ ራሳቸውን የሚያረጋጉ አሉ። ሰው የራሱን ጆሮ የሚይዘው የሚይዘው ጆሮ ሲያጣ ነው። ይህን ችሎታ ብሎ ለመጥራት ስንት ዓመት መማር እንደሚያስፈልግ አላውቅም።

እጄን አውጥቼ ተነሣሁ። ልጆቹን እንደማውቃቸው፣ ስማቸውን ግን እንደማልናገር ገልጬ አንድ ነገር ብቻ ጠየቅሁ፦ ልጅቷ ወንድሟ የመለሰውን ሰምታለች ወይ? በጣም በአክብሮት መለሱልኝ። የአንድን ተሳታፊ መረጃ ለሌላ ተሳታፊ ማጋራት የምርምር ሥነ ምግባር በጥብቅ ይከለክላል አሉኝ። ስለጥያቄዬም አመሰገኑኝ።

እንግዲህ እንዲህ ነው። እህትየው የማንን ጆሮ ይይዝ ይሆን ብላ ጠየቀች። ወንድምየው መለሰላት። ጥያቄውም መልሱም እናንተ እጅ ገባ። አይብና ወይን ለሚበላ አዳራሽ ሙሉ ሰው አነበባችሁት፤ ሳይነገራት የቀረችው የጠየቀችው ልጅ ብቻ ናት። በመጨረሻም ወንድምና እህት ሲለያዩ ግንኙነታቸው እንዲቀጥል ቢደረግ መልካም ነው የሚል ምክረ ሐሳብ አቀረባችሁ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይባላል፤ የእናንተው ውሻ ግን ጅቡ ሲበላ አጠገቡ ቁጭ ብሎ ይመዘግብ ነበር።

ስምንተኛ፦ አሁን ወደ ጥያቄያችሁ ልመለስ። ሱንዱስ የት ናት? አላውቅም። በዒድ ቀን፣ የሮዝቪሉ ስብሰባ ከመደረጉ በፊት፣ ከማላውቀው ቁጥር ደውላ «ዒድ ሙባረክ፣ እትዬ ከድሪያ» አለችኝ። በአማርኛ። እንዴት ነሽ ልጄ አልኳት። «አልሐምዱሊላህ» አለች። ሁለተኛ ልጠይቃት አፌን ስከፍት ስልኩ ተዘጋ። መልሼ ብደውል አይሠራም። ከዚያ ወዲህ ድምፅዋን አልሰማሁም። ለመዝገባችሁ እንዲመች፣ የመጨረሻው መልሷ እንግዲህ ይኸው ነው፤ የትኛውን ፊት እንደምትነኩ ታውቃላችሁ።

ይህን ደብዳቤ በፖስታ አሽጌ ልልክልዎ ስችል ግልጽ ያደረግሁበትን፣ በአማርኛም የጻፍኩበትን እውነተኛ ምክንያት ደግሞ አሁን ልናገር። የእኛ ሰዎች የሚገናኙባቸው የፌስቡክ ገጾች ላይ ሁሉ አወጣዋለሁ፤ በሐላል ሱቆቹ በር ላይም እለጥፈዋለሁ። ልጅቷ አማርኛ ማንበብ ትችላለች። ስለዚህ እናንተ ከመዝገብ ያወጣችሁትን ስሟን መልሼ አስገብቼዋለሁ። ሱንዱስ፣ ይህን ካነበብሽ፣ ሀዚም መልሶልሻል። የማንን ጆሮ እንደሚይዝ አሁን ታውቂያለሽ። ወንድምሽ አልረሳሽም። ልጄ፣ ላንቺም የሚያዝ ጆሮ ካጣሽ የእኔ አለልሽ።

ታነበዋለች ብዬ አይደለም። አማርኛውን ትታዋለች፤ ሱቁ በር ላይ የሚለጠፈውን ወረቀትም የሚያነበው የሚከራይ ክፍል የሚፈልግ ሰው ብቻ ነው። ቡርሃንም «አታገኚያትም ከድሪያ፣ ጊቭ አፕ አድርጊ» ብሎኛል። ልክ ነው ብዬ አምናለሁ። ምናልባት እናንተ ቀድማችሁ ብታገኟት ግን፣ ከጥያቄዎቻችሁ ሁሉ በፊት ወንድሟ ያላትን ንገሯት። ደንቡ እንደማይፈቅድላችሁ አውቃለሁ። እንዲያው ለወጉ ለመንኳችሁ።

በዚሁ አጋጣሚ ለጥናትዎ መሳካት፣ ለመጽሐፍዎ መታተም፣ ለቀጣዩም የምርምር ገንዘብ በጊዜው መለቀቅ ያለኝን መልካም ምኞት በታላቅ አክብሮት እገልጻለሁ፤ በደጃችን ላይ ጫማዋን ላወለቀችው ጠያቂም ሰላምታዬ ይድረሳት፤ ስታለቅስ እውነቷን እንደነበረ አልጠራጠርም።

የአንዲት ቁጥር አሳዳጊ የነበረችው፣
አደራ ተቀብላ ያልጠበቀችው፣
ከክትትል ያልጠፋችው፣
ከድሪያ
ሜፕልዉድ

ድኅረ ጽሑፍ፦ የፈረምነውን የስምምነት ወረቀት ዛሬ እንደገና አነበብኩት። ጥናቱ ካበቃ ከጥቂት ዓመታት በኋላ የተሳታፊዎች መረጃ በሙሉ ከኮምፒውተራችሁ እንደሚደመሰስ ቃል ገብታችኋል። እናታቸው ከሞተች ወዲህ ሱንዱስና ሀዚም አንድ ላይ የሚያድሩበት ቤት ቢኖር ያ ኮምፒውተር ብቻ ነው። እዚያ ውስጥ መኝታ ቤት የሚቆጥርባቸው የለምና፣ ስለ አላህ ብላችሁ እነሱን እንኳ ባሉበት ተዉአቸው።